ፓኒ ያድቪጋን ማን ይግደላቸው?

ያን ዕለት ሰማዩ በረዶ ልጣል ወይስ ልዝነብ የሚለውን መወሰን አቅቶት ሁለቱንም በአንድ ላይ ያወርደው ነበር። ከኢሪ ሐይቅ የሚነሳው ንፋስ የቶሌዶን ሰው ፊት በጥፊ እያጮለ ያልፋል። የፍሎረንስ ዱዴክ ጃንጥላ ገና ከደጃፏ ሳትርቅ ተገልብጦ ሽቦው ብቻ ቀረ። ካልሲዋ ርሶ፣ ጸጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ፣ ያንን ሽቦ እንደያዘች ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ወረደች። ደራሲ ነኝ የሚል ሰው እንዲህ ሆኖ መታየት አልነበረበትም። ደግነቱ እሷ ደራሲ ነኝ ብላ አታውቅም። ሰባ ምናምን መጽሐፍ ጽፋ አንዱም ላይ ስሟ የለም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ አርብ አርብ፣ ካቶሊክ የሚጾመው ሥጋ እንጂ ዓሣ አይደለምና፣ ሰበካው ምድር ቤት ውስጥ ዓሣ ይጠብሳል። የሚጾመውም የማይጾመውም ይመጣል፤ የዘይቱ ሽታ ኮት ውስጥ ገብቶ እስከ ፋሲካ አይወጣም። በዚያ ዓመት፣ 1974 መሆኑ ነው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ማፍሰስ ስለጀመረ አባ ካዚሚር ለማሠሪያ የሚሆን ሎተሪ አወጡ። ሌላ ጊዜ ሽልማቱ ብርድ ልብስ ወይም የአሳማ ሥጋ ነበር። ያኔ ግን ሽልማቱ መገደል ሆነ። ዕጣው የወጣለትን ሰው ፍሎረንስ በሚቀጥለው መጽሐፏ ትገድለዋለች።

ነገሩ የተጀመረው በእሷ ስንፍና ነው። የምትጽፈው የወንጀል ታሪክ ስለሆነ በየመጽሐፉ ቢያንስ አንድ ሬሳ ያስፈልጋታል፤ ለሬሳ ሁሉ አዲስ ስም ማውጣት ሲሰለቻት የሰፈሩን ሰው ስም መጠቀም ጀመረች። መጀመሪያ የሞተው ሥጋ ሻጩ ዚግሙንት ነበር። በገዛ ቋሊማው ገመድ ታንቆ ሞተ። ፍሎረንስ ይከሰኛል ብላ ሳምንት ሙሉ በሱቁ በር ሳታልፍ ሰነበተች። እሱ ግን መጽሐፉን ከቋሊማው ጎን መስኮት ላይ ሰቅሎ ገበያው ደራ። ከዚያ በኋላ ሰላም አጣች። መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ «እኔንስ መቼ ነው የምትገድይኝ?» ይላታል። አንዷማ «ምን በደልኩሽ? እህቴን ገድለሽ እኔን ዘለልሽኝ!» ብላ ሰላምታ ከልክላታለች።

አባ ካዚሚር እጃቸውን ዕጣው የተጠራቀመበት የጎመን ድስት ውስጥ ከተው አንድ ወረቀት አወጡና መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ።

«ያድቪጋ ማዙር!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ፓኒ ያድቪጋ፣ በእኛ በፖላንዶቹ ሰፈር አሮጊቱን ሁሉ ፓኒ ነው የምንለው፣ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ከምድጃው ጀርባ ብቅ አሉ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ የፕሪም ኬካቸው ያልቀረበበት ሠርግም ለቅሶም በሰፈሩ የለም።

«እንኳን ደስ አለዎት ፓኒ ያድቪጋ፣ ሞቱ!» አለ ዚግሙንት አፉን በዓሣ እንደሞላ።

«አንተ ቀድመኸኝ ሞተህ የለ እንዴ? አርፈህ ተኛ!»

ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን ወደ ፍሎረንስ ዞሩ።

«ነይ እስቲ አንቺ ልጅ። በምን ልትገድይኝ ነው?»

ፍሎረንስ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ልጅ የሚሏት እሳቸው ብቻ ናቸው። «እስካሁን አላሰብኩበትም። መርዝ ይቀላል» አለች።

«መርዝ? ጭራሽ! ሰው ምን ይላል? ኬኳ ገደላት ነው የሚለው!»

«እሺ፣ በሽጉጥ ይሁንልዎ።»

«ይጮሃል። ፎቅ ላይ ያሉት ሴትዮ ልባቸው ደካማ ነው።»

«ታዲያ በምን ይሁን?»

«በመቅረዝ» አሉ ወዲያው፤ ቀድሞውኑ ያሰቡበት ይመስላል። «መሠዊያው ጎን በቆመው በትልቁ። እሱ ክብር አለው።»

አባ ካዚሚር ሳል መሰል ነገር ሳሉና ወደ ድንቹ ሄዱ።

ፍሎረንስ ወደዚህ ሙያ የገባችው አስባበት አይደለም። አባቷ መስታወት ፋብሪካ ውስጥ ክንዱን ሲያጣ እሷ በአሥራ አራት ዓመቷ ትምህርቷን ትታ ልብስ ማጠቢያ ቤት ገባች፤ ከዚያ ጥግ ላይ ባለው መድኃኒት ቤት፣ ያኔ መድኃኒት ቤት ይህንንም ይሸጥ ነበርና፣ ለስላሳና አይስክሬም የምትቀዳ ሆነች። መድኃኒት ቤቱ በር አጠገብ የርካሽ መጻሕፍት መደርደሪያ ነበር። ያልተሸጠ መጽሐፍ ሽፋኑ ብቻ ተገንጥሎ ለአሳታሚው ይመለሳል፤ የቀረው ገላው ይጣላል። ፍሎረንስ የተጣለውን ገላ እየሰበሰበች ወደ ቤቷ ትወስድ ነበር። ስለዚህ ለዓመታት ያነበበችው ሽፋን የሌለው፣ ርዕስ የሌለው፣ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ መጽሐፍ ነው። መጽሐፍ ሰው ይጽፈዋል ብላ አላሰበችም፤ እንደ እንቁላል ከሆነ ቦታ በካርቶን የሚመጣ ይመስላት ነበር።

አንድ ቀን የአንዱ መጽሐፍ መጨረሻም ከሽፋኑ ጋር አብሮ ተገንጥሎ ጠፋ። ገዳዩ ማን እንደሆነ ሳታውቅ መቅረት አልሆነላትምና መጨረሻውን በመጠቅለያ ወረቀት ላይ ራሷ ጻፈችው። ኋላ ደህናውን ቅጂ አግኝታ ብታስተያየው የእሷ በጣም የባሰ ነበር። ግን ልማዱ አንዴ ያዛት።

ኒው ዮርክ ያለ አሳታሚ የመጀመሪያውን መጽሐፏን ሲገዛት አርታዒው ሌስተር ፕላት በስልክ አንድ ነገር ነገራት። «እመቤቴ፣ ዱዴክ ከምትባል ሴት ግድያ የሚገዛ ሰው የለም።» ስለዚህ ሬክስ ሃሎራን አደረጓት። ከመጽሐፉ ጀርባ ባርኔጣ ያደረገ፣ አገጩ እንደ መሳቢያ የወጣ ሰው ፎቶ ወጣ፤ የሌስተር የጥርስ ሐኪም ነው። ለሬክስ ከየአገሩ ሴቶች የፍቅር ቃል ይልኩለት ነበር። ባሏ ቼስተር በበኩሉ ከፋብሪካ ሲመለስ በር ላይ ሆኖ «ሬክስ፣ ወንድሜ፣ እራት ምንድን ነው?» ማለት ልማዱ ሆነ። እሷም ድንች እየላጠች «ያው የትናንቱ» ትላለች። የሬክስ ሃሎራን ኑሮ ይህን ይመስል ነበር።

አሠራሯን ማንም ደራሲ ቢሰማ ያዝንላታል። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ በአራት ጣት፣ ገዳዩ ማን እንደሆነ ሳታውቅ ትጀምራለች። አንድ ምዕራፍ ባለቀ ቁጥር ያንኑ ዕለት ፖስታ ቤት ወስዳ ትልከዋለች። ቤት ካደረ እንደገና ታነበዋለች፤ ካነበበችው ታፍራለች፤ ካፈረች አትልከውም። ካርቦን ወረቀት ማባከን ነው ብላ ቅጂም አታስቀርም። መጨረሻው ላይ ስትደርስ «እስቲ ማነው ሰሞኑን ያልተነሳው?» ትልና በተረሳው ሰው ላይ ታላክከዋለች። አንባቢዎች መቼም ገምቼው አላውቅም እያሉ ያደንቋት ነበር። እሷስ መቼ ገምታው ታውቃለች?

ከሎተሪው በፊት፣ የገና በዓል እንዳለፈ፣ ሌስተር ፕላት ያልጠበቀችውን ነገር አቀረበላት።

«ፍሎረንስ፣ አንድ ንጹሕ መጽሐፍ ስጪኝ። ሳትቸኩዪ፣ ደግመሽ እያነበብሽ፣ አንድ ስሕተት የሌለበት። በስምሽ አወጣዋለሁ።»

«በዱዴክ?»

«በዱዴክ። ግን አንዴ ነው። ከተሸጠ ተሸጠ። ካልተሸጠ ወይም ከተሳቀበት፣ ወደ ሬክስ ትመለሻለሽ፤ ሁለተኛም አታነሺብኝ።»

ስልኩን ዘግታ ቆማ ቀረች። ለካ ይህን ትፈልገው ነበር። ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ያነበበች፣ የሌላ ሰው ሽፋን ያለው መጽሐፍ የጻፈች ሴት፣ ስሟን አንድ ጊዜ በትልልቅ ፊደል ማየት አማራት። ካርቦን ገዛች። ነጭ ወረቀት ገዛች። ገዳዩን ከመጀመሪያው ገጽ አወቀችው። ሎተሪው በወጣበት ሰሞን ንጹሑ መጽሐፍ ገና ከግማሹ አልዘለለም፤ በእሱ አካሄድ ለዓመት እንኳ መድረሱ ያጠራጥራል። የፓኒ ያድቪጋንም ሞት እዚያው ውስጥ፣ በክብር፣ በመቅረዝ ልታስገባላቸው አሰበች።

ፋሲካ ሲቃረብ ፓኒ ያድቪጋ ከዓሣው መጥበሻ ጠፉ። ፍሎረንስ ልትጠይቃቸው ስትሄድ ወንበራቸው ላይ ብርድ ልብስ ለብሰው አገኘቻቸው። ፊታቸው ገርጥቶ፣ የለበሱት ሹራብ የሌላ ሰው መስሎ ሰፍቷቸዋል። ልጃቸው ሄለን በእግሯ ጣት እየተራመደች ሻይ አስቀምጣ ወጣች።

«አየሻት?» አሉ ፓኒ ያድቪጋ። «ሬሳ ያለበት ቤት ይመስል ኮቴዋን ታጠፋለች። ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ተቀምጧል። ዶክተሩ እናትሽ የገናን ዛፍ አታይም ብሏታል። እሷ እኔን ትደብቀኛለች፤ እኔ ማወቄን እሷን እደብቃታለሁ። ሁለታችንም ደከመን።»

 ፍሎረንስ በሰባ መጽሐፍ ውስጥ ስንቱን ገድላ፣ እውነተኛ ሞት ፊት ለፊቷ ሲቀመጥ አንድ ደህና ቃል አልነበራትም። «አይዞዎት» አለች፤ ወዲያው አፈረች።

«አይዞዎት ተይው። መቼ ነው የምትገድይኝ? አንብቤው መሄድ እፈልጋለሁ።»

ፍሎረንስ ንጹሑን መጽሐፍ አሰበች፤ የእሱን ፍጥነትም አሰበች። «ቶሎ አደርሰዋለሁ» አለች። «ሬክስ በሦስት ሳምንት ውስጥ ጽፎ ይጨርሰዋል። እስከ ነሐሴ ታትሞ ይደርስልዎታል።»

«ሬክስ ማነው?»

«እኔው ነኝ እንጂ ፓኒ ያድቪጋ። ሽፋኑ ላይ የምወጣበት ስም ነው።»

«ያ ባርኔጣ ያደረገው?» አሮጊቷ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ቀና አሉ። «እኔ ያንን ሰውዬ አላውቀውም! በሕይወቴ ከባሌ በቀር ወንድ አልነካኝም፤ አሁን በስተርጅና መንገደኛ መቅረዝ ያንሳብኝ? የምትገድይኝ ከሆነ አንቺው ግደይኝ። በስምሽ። ፍሎረንስ ዱዴክ፣ የስታኒስላቭ ልጅ፣ ከእኔ ቤት ሦስተኛው በር ላይ ያደገችው። አለበለዚያ ዕጣዬን ለአባ ካዚሚር እመልሳለሁ።»

ወደ ቤቷ ስትመለስ እየሳቀች ነበር፤ ከዚያ ሳቋ ጠፋ። ስሟን የምታወጣው አንዴ ነው። ወይ ለንጹሑ መጽሐፍ ታስቀምጠዋለች፣ ወይ በሦስት ሳምንት ለሚጻፍ የመድኃኒት ቤት ሬሳ ትሰጠዋለች።

ነገሩን ለቼስተር ነገረችው። እሱ ጫማውን እያወለቀ አዳመጣት።

«ሬክስ ምን ይላል?» አላት።

«አትቀልድ ቼስተር።»

«እሺ። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ሴትዮዋ ሠርጌ ላይ ኬክ የጋገሩ ናቸው።»

«እንግዲያው ምን ትጠይቂኛለሽ?» አለና እግሩን ማሸት ጀመረ።

ለሌስተር ፕላት ደውላ ነገረችው። «እኔ የጠየቅኩሽ ንጹሕ መጽሐፍ ነው» አለ። «ይኸኛው ንጹሕ ይሆናል?» ፍሎረንስም፣ ምን ሰይጣን እንዳናገራት አይታወቅም፣ «እንደ መስታወት!» አለችው።

እንደ መስታወት አልሆነም። ጊዜ ስላልነበራት ወደ ጥንቱ አሠራሯ ተመለሰች። በአራት ጣት ስትቀጠቅጥ ትውላለች፣ ያለቀውን ምዕራፍ ፖስታ ቤት ትወስዳለች። ቼስተር እንቁላል መጥበስ ተማረ። ፓኒ ያድቪጋ በምዕራፍ ሁለት በመቅረዝ ተመተው ሲሞቱ ፍሎረንስ ራሷ አለቀሰች፤ በሥራ ላይ አልቅሳ አታውቅም። እንባዋን በሽርጧ ጠርጋ ሬሳው እንዴት እንደወደቀ በደንብ ጻፈች፤ ቀሚሳቸው እንዳይገለጥም ተጠነቀቀች።

ነሐሴ ላይ የመጽሐፉ ካርቶን መጣ። ሽፋኑ ላይ በቀይ «ፍሎረንስ ዱዴክ» ይላል። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ነካቻቸው። የጥርስ ሐኪሙ ከጀርባው የለም። አንዱን ቅጂ ያኔውኑ ለፓኒ ያድቪጋ አደረሰች፤ ተኝተው ስለነበር ለሄለን ሰጥታት ተመለሰች። ሌላውን ቼስተር ለምሳ ሰዓቱ ወደ ፋብሪካ ይዞት ሄደ።

በማግስቱ ምሽት በር ላይ ሲቆም ሬክስ ብሎ አልጠራትም።

«ፍሎ» አለ። «ፓኒ ያድቪጋ ሞተው የለም እንዴ?»

«ምን አልክ? መቼ?»

«እኚያን አይደለም። የመጽሐፉን ነው።»

«ሞተዋል እንጂ! ምዕራፍ ሁለት ላይ።»

«ተቀብረዋል?»

«ምዕራፍ ሦስት ላይ። አባ ካዚሚር ናቸው የቀበሯቸው። ምን ሆነሃል?»

«ታዲያ» አለ ቼስተር መጽሐፉን ከኮቱ ኪስ እያወጣ፣ «ምዕራፍ አሥራ አንድ ላይ ለመርማሪው ኬክ ቆርሰው የሚያቀርቡት ማን ናቸው?»

ነጥቃው አነበበች። ነበሩ። መርማሪው ምስክሮቹን ምድር ቤት ሰብስቦ ሲጠይቅ፣ ፓኒ ያድቪጋ ሽርጣቸውን ታጥቀው ይመጣሉ፤ «ትንሽ ልጨምርልህ ልጄ?» ይሉታል፤ እሱም የራሳቸውን ገዳይ እየፈለገ ሁለተኛ ቁራሽ ይበላል። ፍሎረንስ ይህን የጻፈችበትን ቀን አስታወሰች። ሰዎቹን ሰብስባ የሚያስተናግዳቸው ስላስፈለጋት እጇ በልማድ የጻፈው ነው። ፓኒ ያድቪጋ የሌሉበት ምድር ቤት በጭንቅላቷ ውስጥ አልነበረም። ኒው ዮርክም ማንም ልብ አላለው። ሌስተር «እንደ መስታወት» ተብሎ ስለነበር አምኗት ይሆናል።

«ወይኔ ጉዴ!» አለች። «እሳቸው ጋ ደርሷል!»

ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ወጣች። መጽሐፉን ከእጃቸው እንዴት እንደምትወስድ እያሰበች ሄደች፤ የኅትመት ስሕተት አለበት፣ ሌላ ይመጣል ልትል። ስትደርስ ግን ፓኒ ያድቪጋ አልጋቸው ላይ በትራስ ተደግፈው፣ አውራ ጣታቸውን ከገጹ መሃል ሰክተው ይጠብቋት ነበር። ሄለን ጥግ ላይ ቆማ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

«ተቀመጪ» አሉ። «መቅረዙን አየሁት። ጥሩ አድርገሽ ነው የመታሽኝ። ቀሚሴም አልተገለጠም።»

«ፓኒ ያድቪጋ፣ እኔ...»

«ቆይ። ይኼ ምዕራፍ አሥራ አንድ ያለው። ሆን ብለሽ ነው?»

ፍሎረንስ ሕይወቷን ሙሉ በውሸት ነው የኖረችው፤ ደመወዟም እሱ ነው። አዎ ብትል ያልፍላት ነበር፤ ተአምር ነው፣ ነፍስዎ ነች ብትል ሰበካው ሁሉ ያምናት ነበር። ግን አሮጊቷ የሚያዩአት ዓይን አላስዋሻትም።

«አይደለም» አለች። «መሞትዎን ረስቼው ነው።»

 ፓኒ ያድቪጋ መሳቅ ጀመሩ። ሲስቁ ሆዳቸውን ያማቸዋል፤ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እንባቸው መጣ።

«ሰማሽ ሄለን? ረሳችው! አምስት ወር ሙሉ አንድ ሰው መሞቴን ይረሳልኛል ብዬ ስጠብቅ! እናንተ በእግራችሁ ጣት ስትሄዱ፣ ዶክተሩ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ፣ አባ ካዚሚር ሲመጡ እጄን እንደ ሬሳ እጅ ሲይዙ! ይቺ ግን ገድላኝ፣ ቀብራኝ፣ ሥራ ሲበዛባት ተነሺና ኬክ ቁረሽ አለችኝ!» ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ። «ፕሪሙ ደርሷል አይደል? ሄለን፣ ቅርጫቱን አምጪ። ቁጭ ብዬ ፍሬውን አወጣለሁ። ተረከዝሽንም መሬት አስነኪ፤ ያንቺ አረማመድ ነው የሚያሳምመኝ።»

ያን ምሽት ሦስቱም ጣታቸው ወይን ጠጅ እስኪሆን ፕሪም ፈለፈሉ። ሄለን በመጀመሪያ እያለቀሰች ነበር፤ ኋላ ከእናቷ ጋር ስለ ስኳሩ መጠን ተጣላች። ጠብ ከሰሙ ስንት ጊዜ ሆኗቸው! ፓኒ ያድቪጋ ፊታቸው በራ።

ሌላው ሁሉ ሌስተር እንዳለው ሆነ። የከተማው ጋዜጣ ስለ መጽሐፉ ሁለት መስመር ጻፈ። «ወይዘሮ ዱዴክ ሙታንን የማስነሳት ስጦታ አላቸው፤ ሐሳቡን ያመነጩት እሳቸው ባይሆኑም» ይላል። ፍሎረንስ ጥሩ አረፍተ ነገር መሆኑን አልካደችም፤ ከእሷ አረፍተ ነገሮች ይሻላል። ሌስተር ደውሎ አልጮኸባትም። «ስምሽን ወደ መሳቢያው መልሺው» ብቻ አላት። መለሰችው። ንጹሑ መጽሐፍ በስተኋላ አልቆ በሬክስ ሃሎራን ስም፣ ከነጥርስ ሐኪሙ ፎቶ ወጣ። ያው ጋዜጣ «ሃሎራን በመጨረሻ በሰለ» ብሎ አደነቀው። ቼስተር በር ላይ ቆሞ «ሬክስ፣ እንኳን ደስ አለህ» ሲላት የድንች ልጣጭ ወረወረችበት።

ፓኒ ያድቪጋ በኅዳር ሞቱ፤ በእውነት። ከቀብር መልስ ምድር ቤቱ ሞላ። የፕሪሙን ኬክ ሄለን ጋግራው መጣች፤ መሃል ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ የሚቆርሰው ግን ጠፋ። አባ ካዚሚር ቢላዋውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

«እስቲ ምዕራፍ አሥራ አንድ ድረስ እንጠብቃቸው» አለ ዚግሙንት።

መጀመሪያ የሳቀችው ሄለን ናት። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ እየሳቀና አፍንጫውን እየጠረገ፣ እውነትም ትንሽ ጠበቃቸው። በመጨረሻ ቢላዋውን ለፍሎረንስ ሰጧት። «ይኼ ያንቺ ጥፋት ነው» አሏት። ቆረሰችው፤ ጠማማ ቆረሰችው።

ፍሎረንስ ዱዴክ አሁን ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው። ቼስተር ሞቷል፤ አሳታሚው ተሽጦ ተዘግቷል፤ የጽሕፈት መኪናዋም ጣሪያ ሥር ነው። ስሟ ያለበት አንዱ መጽሐፍ በምድር ቤቱ ወጥ ቤት፣ ከዱቄቱ ጎን ተቀምጦ ዘይት ጠግቧል፤ ሲያነሱት ራሱ የሚገለጠው ምዕራፍ አሥራ አንድ ላይ ነው። እሷ እዚያው ቤቷ፣ ቶሌዶ ውስጥ ትኖራለች። በጾም አርብ አርብ ምድር ቤት ወርዳ ድንች ትልጣለች።